በፎቶው ግራ የቆሙት

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀለመወርቅ፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ሰላምታዬ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን ይህን እወቅልኝ።

የእህቴ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትክ? የስዊድን ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ጉልበቴን ከማማረር በቀር ደህና ነኝ። ቅዱስ ኡራኤል አውቶቡስህን ከምትነዳበት በረዶ ይጠብቅህ፤ ተሳፋሪህንም ጨዋ ያድርግልህ። እናትህ አሰፋሽም ደህና ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።

አሁን ወደ ሌንስህ። ጓደኛህ ዋቅጅራ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ አመጣው። ሎሚ የሚያክል ነገር ነው። «ሰፈሩን ሁሉ የሚያነሳው ይሄ ነው?» ብለው፣ «እማማ፣ ትንሽ ናት እንጂ የምታየው ሰፊ ነው፤ ግድግዳ ተደግፈው ቢያነሱባትም ሁሉን ሰው ታስገባለች» አለኝ። ማስገባቱንስ አስገባች። ያስገባችውን ምን እንዳደረገችው ነው የምነግርህ።

ግቢያችን መጥበቡን ታውቃለህ። ልጄ ፍሬሰላም ባምቢስ ያለው ፎቶ ቤት ስንት ዓመት ሠርታ እንኳ፣ እዚህ ግቢ ስታነሳ ጀርባዋን የእነ አጥናፉ አጥር ላይ ለጥፋ ከአሥር ሰው በላይ አይገባላትም ነበር። ሰፈሩ ደግሞ ለልማት ሊፈርስ ነው። አንዱ ወደ ገላን፣ አንዱ ወደ አራብሳ ይሄዳል። አንተም «የእማዬን ፊት ከሐምሌ ወዲህ አላየሁም፤ ጎረቤቱ ሳይበተን ከሁሉም ጋር አንሷትና ላኩልኝ» ብለህ ለመንከን። እሺ አልን። የእድሩ የመጨረሻ ስብሰባ ዕለት ሰውን ሁሉ ግቢ አስገባን።

ቁሙ ሲባሉ ማንም ሳያዛቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆሙ፤ ሴቱ በቀኝ፣ ወንዱ በግራ። ዙለይካና ባሏ እንኳ፣ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ደጁን እንጂ ውስጡን አይተው የማያውቁት፣ ሌላውን አይተው እንደዚያው ተለያዩ። እናትህ ከሴቶቹ መጨረሻ፣ ጫፍ ላይ ቆመች። የእኛ ቀኝ ለካሜራው ግራ ነው። አስታውሰው፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው።

ፎቶው ታጠበና መጣ። ወንዶቹ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። የቸሩ አፍንጫ ላይ ያለችው ኪንታሮት ጥላዋን ሳይቀር ጥላለች። ወደ ሴቶቹ ስትሄድ ግን እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ እንፋሎት ያለበሰው መስታወት ይሆናል። ዙለይካ ፎቶውን ይዛ፣ «እኔ የትኛዋ ነኝ? ቀይ ሻሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ግን ሁለት ቀይ ሻሽ አለ!» እያለች ደጄ ላይ ጮኸች። «ጀማነሽ በቁማችን መንፈስ አደረገችን» ያለችም አለች። ቸሩ ደግሞ «ሌንሱ ሰው ያውቃል» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ዞረ። ሠላሳ ዓመት ቡና ስንጠጣ ያልሰማሁትን ሐሜት በአንድ ቀን ሰማሁ።

ከሴቶቹ ሁሉ ያልተቆጣችው እናትህ ብቻ ናት። ፎቶውን አቅርባ አየችው፣ አርቃ አየችው፣ «ጥሩ ሌንስ ነው» አለች። መቼም ልጇ የላከውን አታማም።

እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ፍሬሰላም «በቃ ማሚ፣ ቮይስ ላኪለት» ትለኛለች። ድምፅ ተሰምቶ ይረሳል። እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች። አንተም በእጅህ ጽፈህ መልስ። ይህን ሌንስ ጤነኛ ነው ብለህ ነው የላክኸው ወይስ ለሀገር ቤት ይበቃል ብለህ?

አክስትህ ጀማነሽ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእቴቴ ጀማነሽ፤

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ሁለተኛ ግን አልሳቅኩም። ለዙለይካ፣ ለአቶ ቸሩና ለሴቶቹ ሁሉ ይቅርታዬን ያድርሱልኝ።

ጥፋተኛ መባሌን እቀበላለሁ፤ ግን ትንሽ ልከራከር። ይህ ሌንስ ለሀገር ቤት ይበቃል ተብሎ የተላከ አይደለም። ሁለት ዓመት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በረዶም ዝናብም መቶታል፤ አንድ ቀን አላስከፋኝም። ከእጄ ሲወጣ ደህና ነበር ብዬ እምልልዎታለሁ። ዋቅጅራ ካልሲውን የት የት እንደጣለው ግን መማል አልችልም። ጠይቄው «ሻንጣው አንዴ ከታክሲ ላይ ወድቋል» አለኝ፤ «ግን ቀስ ብሎ ነው የወደቀው» ብሎ ጨመረበት።

ሌንሱን የገዙ ሰዎች የሚያወሩበት የኢንተርኔት ገጽ አለ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንዱ ስድስት ዓመት ተራራ ለተራራ ይዞት ዞሮ ምንም አልሆነም፤ ሚስቴን ብሸጥ እሱን አልሸጥም ይላል። አንዷ ሁለት ጊዜ መልሳ፣ ሦስተኛው ነው ደህና የወጣላት፤ ሎተሪ ነው ትላለች። አንዱ ሲያተኩር እንደ ትንኝ ይጮሃል ብሎ ያማርራል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከጠረጴዛ ላይ አንዴ ወድቆበት፣ ከዚያ በኋላ ግራው እንደ ጉም ሆኖ ቀኙ እንደ ውሃ ጠርቶ ቀረ። ውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዷ ትንሽ ካዘነበለች እንደዚያ ይሆናል አሉት። የእኛም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ፍሬሰላም እንዲህ አድርጋ ትፈትነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ትለጥፍ፤ ፊት ለፊት ቆማ ታንሳው። ከዚያ ካሜራውን ገልብጣ፣ ታቹን ላይ አድርጋ፣ ድጋሚ ታንሳ። ጉሙ ከግራ ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። ባለበት ከቀረ የሌላ ነው። ጥፋቱ የሌንሱ ከሆነና ሴቶቹ ድጋሚ እንነሳ ካሉ፣ ካሜራው ተገልብጦ ይነሱ፤ ጉሙ ወደ ወንዶቹ ይሄዳል። አቶ ቸሩ ይቻሉት።

አሁን ዋናው ነገር። ፎቶውን በስልኬ አጉልቼ፣ አጉልቼ አየሁት። የእማዬን ነጠላ አወቅኩት፤ አቋቋሟን አወቅኩት፤ ፊቷን አጣሁት። በቪዲዮ ልይሽ ስላት የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ትለኛለች። ስልክ ልላክ ስላት አልፈልግም ትላለች። ድምጿም ከብዷል። ቃላቱ አፏ ውስጥ የሚያድሩ ይመስለኛል። ስጠይቃት «ጥርስ አስነቅዬ ነው» አለችኝ። ከሐምሌ ጀምሮ የሚነቀል ምን ዓይነት ጥርስ ነው? እቴቴ፣ በእውነት ጥርስ ነው?

በሚቀጥለው ፎቶ እማዬን መሃል ላይ አቁሙልኝ። ሌንሱ መሃሉ ምንጊዜም ጤነኛ ነው፤ የሚያማርሩት ሰዎች ሁሉ በዚህ ይስማማሉ።

የእህትዎ ልጅ ቀለመወርቅ


ካዛንቺስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀለመወርቅ፣ መልስ ዘገየብኝ ብለህ ለፍሬሰላም ደጋግመህ ጽፈህላታል አሉ። እንኳን ለኅዳር አደረሰህ። ዘጠኝ ዓመት ስትቀር እኔ አንዴም ዘገየህ ብዬህ አላውቅም፤ ለሦስት ሳምንት ታገሰኝ። ሰው ዕቃውን በሚቋጥርበት ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ መጻፍ ቀላል አይደለም። የእነ አጥናፉ አጥር ፈርሷል። አሁን ፍሬሰላም ጀርባዋን የምታስደግፍበት እንኳ የለም።

ፈተናውን አድርገናል። ከቤታችን ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው የእናትህ ክፍል ስለሆነ ጋዜጣውን እዚያ ለጠፍነው። ፍሬሰላም አንዴ አቅንታ፣ አንዴ ገልብጣ አነሳችው። ጉሙ እንዳልከው ዞረ። መጀመሪያ በግራ በኩል አርእስቱ እንኳ አይነበብም ነበር፤ ሲገለበጥ ግራው ጠራ፣ ቀኙ ጠፋ። እናትህ አልጋዋ ላይ ሆና ስታየን ቆየችና «ሲገለበጥ ጉሙ ወዴት ሄደ አልሽኝ?» ብላ ፍሬሰላምን ጠየቀቻት። አንዴ አስረዳቻት፤ ድጋሚ ጠየቀቻት። በዚህ ዕድሜዋ ካሜራ ልትማር ነው ብለን ሳቅን።

እንግዲህ ሌንሱ ጥፋተኛ ነው። አንተም ከጥፋቱ አልዳንክም፤ ካልሲ አይበቃም ነበር።

ሴቶቹ ካልተነሳን አንበተንም ብለው ስላስቸገሩ ባለፈው እሑድ ሰውን ድጋሚ ሰበሰብኩ። ቸሩ «እኛ ምን አጠፋን? ለምን እኛ እንደበዝዛለን?» ብሎ ሊሄድ ተነሳ። ዙለይካ መንገዱን ዘጋችበት። «ሌንሱ ሰው ያውቃል አላልክም? ይኸው አሁን አወቀህ፤ ቁም!» አለችው። ሳቁን ብትሰማው! ፍሬሰላም ካሜራውን ስትገለብጥ ደግሞ «ልጅቷ አበደች» አሉ። «ማለቴ፣ እንደዚህ ነው የሚነሳው፣ ዝም ብላችሁ ወደ እኔ እዩ» ብላ ቆጣ አለች። ፍሬሰላም ስትቆጣ አንተን ትመስለኛለች።

ፎቶው ከዚህ ጋር ይመጣልሃል። ሴቶቹ ጠርተዋል። ዙለይካ የወርቅ ጥርሷን አግኝታ ይኸው ለሰው ሁሉ ታሳያለች። ወንዶቹ ምን እንደመሰሉ ራስህ እይ። ጫፍ ጫፍ ያሉት ደግሞ ተለጥጠው ወፍረዋል፤ ቸሩ በር የሚያክል ሆኗል።

እናትህ ደህና ናት። ጥርሷን እየታከመች ነው። መሃል ቁሚ ብንላት እምቢ አለች፤ መሃል መቆም እንደማትወድ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ጥያቄህ በዝቶባታል፤ በየቀኑ እየደወልክ አታስጨንቃት። የስልክ ካርዱም ለአንተ ይተርፍህ።

አክስትህ ጀማነሽ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣ የሰላምታ ትዕግሥት አጣሁና ይቅርታ።

ፎቶውን በእረፍት ሰዓቴ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ጠርተዋል፤ ዙለይካ ጥርሷን ታሳያለች፤ እርስዎም ከፊት ተቀምጠው ካሜራውን ተቆጥተውታል። እናቴ ከመካከላቸው የለችም። ድጋሚ ከዳር ጀመርኩ። የለችም። ታማ ቤት ቀርታ ነው አልኩ።

ከዚያ በወንዶቹ በኩል፣ ጫፍ ላይ፣ ከአቶ ቸሩ ጎን ነጠላዋን አየሁት። ፊቷ ጉም ነው።

እማዬን የማውቃት እኔ ነኝ። ጥምቀት ላይ ሕዝብ ሲጋፋ፣ ሰው ሊረግጣት እንኳ ሲደርስ፣ ወደ ወንዶቹ በኩል አንድ እርምጃ የማትሻገር ሰው ናት። በልጅነቴ ወደ አባቴ ጎን ሂድ ብላ ትገፋኝ ነበር እንጂ ራሷ አትመጣም። ምን ወሰዳት? ጉሙ በሴቶቹ በኩል ሲሆን በሴቶቹ በኩል ቆመች። ጉሙ ወደ ወንዶቹ ሲሄድ አብራው ተሻገረች። ሌንሱን ከፍሬሰላም የበለጠ የተረዳችው እሷ ናት።

ፊቷን ምን አገኘው? ስለ ሌንሱ እንዳሻዎ ይፍረዱ፤ ስለ እናቴ ግን እውነቱን ይጻፉልኝ። ዛሬ አንድ ፌርማታ ሳልቆም አልፌ ሰው ጮኸብኝ።

ቀለመወርቅ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

መልስ አላገኘሁም። ፍሬሰላም ስልክ አታነሳም። እማዬ አንስታ «ደህና ነኝ» ብላ ዘጋችው። ይህችን አንድ ቃል እንኳ ሳትጨርሳት ነው የዘጋችው። የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቷል፤ ሳይመለስ ከሀገር ብወጣ ላልመለስ እችላለሁ። ቢሆንም ትኬት እያየሁ ነው። የሚቀጥለው ደብዳቤዎ ስለ ሌንስ ከሆነ አይላኩት።

ቀለመወርቅ


ካዛንቺስ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቀለመወርቅ፣

ትኬቱን ተወው። መጀመሪያ ይህን ጨርሰህ አንብብ። እናትህ በሕይወት አለች፤ ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቃለች። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ስልክህን ዝጋና ቤትህ ገብተህ አንብበው።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ተነሥታ ውሃው ከአፏ መፍሰስ አልቆም አላት። ስትሮክ ነው አሉን። ሐኪም ቤት ተኝታ ወጥታለች። እጇና እግሯ ተርፈዋል። ፊቷ ግን የግራ ጉንጯ ወደ ታች ወርዷል፣ አፏ ወደ ቀኝ ተስቧል፣ የግራ ዓይኗም እንደ ልብ አይከደንም። ምላሷ ትንሽ ከብዷል። ሐኪሙ መድኃኒቷን ካላቋረጠች፣ የፊት እንቅስቃሴዋንም ካልተወች፣ ከዚህም ይሻላታል ብሏል። ጥርሶቿ ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው።

ያን ዕለት ከሐኪም ቤት ስንመለስ በኡራኤል አስማለችኝ። «ልጄ የሚያውቀውን ፊት ይዞ ነው በዚያ በረዶ ላይ የሚነዳው። እሱን ይያዝ። ይህንን ካየ ወረቀቱንም ሥራውንም ጥሎ ይመጣል» አለችኝ። አንተም ይኸው ትኬት እያየሁ ነው ብለህ ጻፍክልኝ፤ ምን ልበላት?

የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ ‹ጥሩ ሌንስ ነው› ያለችው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። በሁለተኛው ፎቶ ዕለት ግን ገባኝ። ፍሬሰላም «እማማ አሰፋሽ፣ ወደ ሴቶቹ ይምጡ» ብላ ስትጠራት አልሰማ አለች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ ሰው ሁሉ እስኪረጋ ጠብቃ፣ ከቸሩ ጎን ገባች። ቸሩ እንኳ ደንግጦ ቦታ ለቀቀላት። እኔ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ዝም አልኩ። አንተ ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ በዚያ ስልክ፣ በዚያ ጉም ውስጥ አወቅካት። ሁለተኛ ደብዳቤህን ሳላነብላት የያዝኩት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ግን መያዝ አልቻልኩም፤ ሁለቱንም ይዤ ክፍሏ ገባሁና አነበብኩላት።

«‹ከወንዶቹ ጋር ምን ወሰዳት› ይላል ልጅሽ» አልኳት።

ጋዜጣው ገና ግድግዳዋ ላይ አለ፤ ወደዚያ ዞረች።

«ዓይን አለው» አለች።

«ከማን ወሰደው?»

«ከአባቱ አይደለም» አለችና ሳቀች። ሳቋ አሁን በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚወጣው። በሌላው ጎን ግን ዓይኗ ሳቀ።

«ፌርማታ አልፌ ሄድኩ ያለው እውነት ነው?» አለችኝ።

«ጽፎታል።»

«እንግዲያ ይህንን ሳያየውም የድሮውን ፊቴን ይዞ መንዳት አልቻለም ማለት ነው።» ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችው። «ፍሬሰላምን ጥሪያት። የልጄን ሌንስ ይዛ ትምጣ። ጎረቤት ግን አትጥሪ፤ ከቸሩ ጋር ሁለተኛ አልቆምም።»

ፍሬሰላም መጣች። ወንበር ከመስኮቱ ፊት አደረግንላት። እናትህ ራሷ ወንበሩን ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ጉሙ በኩል ሳበችው። ፍሬሰላም መልሳ ወደ መሃል ገፋችው። አንዴ ተያዩ። እናትህ «እሺ፣ መሃል ይሁን» አለች። ፍሬሰላም ልትጠጋ ስትል «አትጠጊኝ፤ ቸሩን እንዳደረግሽው አፍንጫዬን በር ታደርጊዋለሽ» አለቻት። ፍሬሰላም ስትስቅ ካሜራው ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን በደንብ አነሳችው።

መሃሉ ላይ ሌንስህ ሐቀኛ ነው። እነዚያ ሰዎችህ ትክክል ብለዋል። የሽበቷ ክሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ያልተከደነው ዓይኗ፣ የወረደው ጉንጯ፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ ሁሉም አለ። ፎቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። አቅርባም አርቃም አላየችውም፤ እጇ ላይ ብቻ ያዘችው። ከዚያ «ላኪለት» አለች። ከመሐላዬም በራሷ አፍ ፈታችኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ቁጭ ብለህ ክፈተው። ከዚያ ደውልላት፤ በቪዲዮ ደውል፤ ታነሳለች። ስታያት መጀመሪያ የምታሳየውን ፊት እሷም ታየዋለች፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አንብበህ፣ ፎቶውን አይተህ፣ አልቅሰህ ጨርሰህ ደውል። ወረቀትህ ሲመለስልህ ና። እኛ ያኔ ይህ ሰፈር ውስጥ አንኖርም፤ ገላን የሚባለውን ጠይቀህ ትደርስበታለህ።

አሁንም ጥፋተኛው አንተ ነህ። ሌንሱን ባትልከው ኖሮ እናትህ መደበቂያ አታገኝም ነበር። ባትልከው ኖሮ ደግሞ ስትደበቅ አታያትም ነበር። ይህን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አስበህ አቻችለው፤ እኔ ደክሞኛል።

እኔ ግን ከእንግዲህ ስልኳ ተበላሽቷል ስትልህ አብሬ አልደብቅም። ጥርሷን ነው አልልህም። በሌንስህም አላመካኝም። እህቴንም ከእንግዲህ ጠርዝ ላይ አላቆማትም።

አክስትህ ጀማነሽ